የደብረ ታቦር የጓሮ ጌሾ፤ ያረጀው መደብ በአዲስ ስለሚተካበት አኳኋን

ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ መድፋቸው ነው። ይህም የሚገባ ነው፤ ታሪክ ያለበትን አገር ታሪኩን ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነውና። ነገር ግን አገርን በእውነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አደባባዩንና ቤተ ክርስቲያኑን ከተሳለመ በኋላ፣ ዞር ብሎ የቤቱን ጓሮ ቢመለከት የሚማረው ነገር ብዙ ነው። የነገሥታት ሥራ በአደባባይ ይታያል፤ የቤት እመቤት ሥራ ግን የሚታየው በጓሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን አንባቢዎች የምናቀርበው ከደብረ ታቦርና ከጉና ግርጌ ጓሮዎች ያየነውንና የሰማነውን፣ ይልቁንም ያረጀ የጌሾ መደብ በምን ጊዜና በምን አኳኋን በአዲስ ሊተካ እንደሚገባው ነው።

ከባሕር ዳር የተነሣ መንገደኛ ጣናን በስተ ግራው ትቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ ይደርሳል። ከዚያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደጋውን መውጣት ይጀምራል። ወጥቶ ወጥቶ፣ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው በደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ይገባል። ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ በኩል ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከዚሁ ከጉና ወገን ፈልቀው የፎገራን ሜዳ እያጠጡ ወደ ጣና ይገባሉ። ስለዚህ ሜዳው የሚበላው የደጋውን ውሃና የደጋውን አፈር ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ደብረ ታቦር በየጁ ራሶች ዘመን የእንደራሴዎቹ መቀመጫ ነበረች። በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማቸው አድርገዋት፣ በአቅራቢያዋ በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠርተውላቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መድፋቸውን አስጐትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማይቱን አቃጥለዋት ሄዱ። እንዲህም ሆና አልቀረችም፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ዳግመኛ የንጉሥ ከተማ ሆናለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ከግብፅ መንግሥት የተላከውን እንግሊዛዊውን ጎርዶንን የተቀበሉት በዚያ ነው። ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ዩኒቨርሲቲም አላት። ከተማ በንጉሥ ትእዛዝ ይቈረቈራል፣ በንጉሥ ትእዛዝም ይቃጠላል። የጓሮ ተክል ግን የሚኖረው በትእዛዝ አይደለም፤ የሚኰተኵተው እጅ ሲኖርና፣ ጊዜው ሲደርስ የሚተካው ሲያገኝ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ጌሾ ለሀገራችን ሰው ብዙ መግለጫ የማያሻው ተክል ነው። ነገር ግን በከተማ ያደጉ ልጆች ጌሾን ደርቆና ተወቅጦ በገበያ ሲሸጥ እንጂ በሥሩ ቆሞ አላዩት ይሆናልና በአጭሩ እንናገር። ቅጠሉ ቅባት እንደ ተቀባ ያለ የሚያበራ አረንጓዴ ነው። ሳይቈረጥ ቢተው እስከ 6 ሜትር ድረስ ሊያድግ ይችላል፤ በጓሮ ያለው ግን ዘወትር ስለሚለቀም ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት እምብዛም አያልፍም። አበባው ጥቃቅን ስለ ሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ንብ ግን አትስተውም። ፍሬው የቁንዶ በርበሬ ያህል ሆኖ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስልም ይጠቍራል። የዕፅዋት ሊቃውንት ራምኑስ ፕሪኖይዴስ ብለው ይጠሩታል። ከኢትዮጵያም ሌላ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስ በልዩ ልዩ አገር ይበቅላል። በእኛ አገር ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ደብረ ታቦርና አካባቢዋ በሚወደው አየር ውስጥ ናቸው፤ ወደ ጉና ጫፍ ወዳለው ውርጭ ግን አይወጣም።

ጥቅሙን ሁሉ የቤት እመቤቶች ያውቁታል። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፤ በወይራ ጢስ በታጠነ ጋን በውሃ ይጠነሰሳል፤ ከዚያም ብቅሉና እንኵሮው በየተራው ይገባል። ዕንጨቱ ደግሞ ለጠጅ ይሆናል። አውሮፓውያን ቢራቸውን በሆፕ እንደሚያመሩ፣ እኛም ጠላችንንና ጠጃችንን በጌሾ እናመራለን። ምሬቱን የሚሰጠውን ነገር የኬሚያ ሊቃውንት ከተክሉ ለይተው አውጥተው ጌሾይዲን ብለው ሰይመውታል። ምሬቱም ለጣዕም ብቻ የሚሆን አይደለም፤ መጠጡን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቀዋል። ጌሾ የሌለው ጠላ ጠላ አይባልም፤ ድግሱም ድግስ አይሆንም።

ይህ ነገር በደብረ ታቦር ዘንድ ሌላ ትርጕም አለው። ከተማይቱ ስሟን የወሰደችው ጌታችን ብርሃነ መለኰቱን ከገለጠበት ከታቦር ተራራ ነው። ሕዝቡ ቡሄ እያለ የሚያከብረው የደብረ ታቦር በዓል በነሐሴ 13 ቀን ሲውል፣ ልጆች ጅራፍ እያጮኹና ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ሙልሙልም ይጋገርላቸዋል። በዓሉ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለ ሆነ ቅቤና ሥጋ የለም፤ ስለዚህ የቤቱ ማዕድ ማዕርጉን የሚያገኘው ከዳቦውና ከጠላው ነው። በዚያን ጊዜ በጓሮዋ ጌሾ ያላት ሴት እንደ ባለጸጋ ትቈጠራለች፤ የሌላት ግን ዋጋው በናረበት ሰዓት ገበያ ትወርዳለች።

የጌሾ ገንዘብ በቤት ውስጥ የራሱ መንገድ አለው። በየደረስንበት ቤት እንደ ሰማነው፣ ጤፉና ገብሱ፣ በሬውና በጉ ሲሸጡ ገንዘቡ ወደ ባልየው እጅ ይገባል፤ ጓሮው ግን የሴቲቱ ነው። ጌሾዋን በጣሳ ሰፍራ ሸጣ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ይዛ ትመለሳለች። ይህ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ከገበያ ገበያ የማይቋረጥ ስለ ሆነ ቤትን የሚያቆመው እርሱ ነው። ስለዚህ ጌሾው አረጀ ማለት አንድ ተክል አረጀ ማለት ብቻ አይደለም፤ የእናትየው ቦርሳ ተቀደደ ማለት ነው።

ጌሾ እንደ ገብስ በየዓመቱ የሚዘራ አይደለም። አንድ ጊዜ ተተክሎ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ይሰጣል። ብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ደግሞ አንድ ተንኰል አለበት፤ እርጅናው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ባለቤቱ አያየውም። በመጀመሪያ ቅጠሉ ያንሳል፤ ከዚያም ዕንጨቱ ይበዛና ቅጠሉ ይሳሳል፤ ቀጥሎም ከቅርንጫፎቹ አንዳንዱ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል፤ በመጨረሻም በመደቡ መካከል አንዱ ሲሞት ሌላው ሲሞት ባዶ ቦታ ይታያል። የዘንድሮው ለቀማ ከአምናው በጥቂቱ ብቻ ስለሚያንስ፣ ሰው ጥፋቱን በዝናሙ ወይም በፀሐዩ ያሳብባል። ዐሥር ዓመት ያለፈውን መለስ ብሎ የሚያስታውስ ሲገኝ ብቻ ምን ያህል እንደ ጐደለ ይታወቃል።

ከከተማይቱ ወጣ ብለን ወደ ጉና በሚወስደው ወገን በፋርጣ አገር ከአንድ ገበሬ ቤት በእንግድነት ገብተን ሳለን ይህንኑ ነገር በዐይናችን አየን። ቤቱ ያንዲት ባልቴት፣ የልጃቸውና የምራታቸው ነው። ከቤቱ ጀርባ ሠላሳ ያህል የጌሾ ግንድ በሁለት ተርታ ቆሟል፤ ግማሹ ደርቋል፣ የቀረውም ቅጠሉ ሳስቷል። ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት፣ ስለ ጌሾው ምን እንደሚደረግ በቤቱ ክርክር እንዳለ ሰማን።

ባልቴቲቱ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ይህን ጌሾ የተከልሁት ይኸው ልጅ በተወለደ በዓመቱ ነው። ችግኙንም የሰጡኝ አማቴ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስንቱ ሠርግ፣ ስንቱ ክርስትና፣ ስንቱ ተዝካር ከዚህ ወጣ! ዛሬ ቅጠሉ ሳሳ ብለው ቢነቅሉት፣ ነገ እኔንም አረጀች ብለው ከቤት ሊያወጡኝ አይደለምን?»

ልጃቸው ፈገግ ብሎ፣ «እማዬ፣ አንቺና ጌሾው አንድ አይደላችሁም፤» አለ። «እኔ የምለው በቦታው ባሕር ዛፍ ብንተክል በጥቂት ዓመት ቋሚ ይሆናል፤ ለቤት መሥሪያም ይሆናል፣ ቢሸጥም ዳጎስ ያለ ገንዘብ ያመጣል ነው።»

ምራታቸው ጀበናውን ወደ ረከቦቱ እየመለሰች፣ «ባሕር ዛፍ የሚቈረጠው በዓመታት አንድ ጊዜ ነው፤ ገንዘቡም ባንድ ቀን ይመጣል፣ ባንድ ቀን ይሄዳል፤» አለች። «ጌሾው ግን በየገበያው ይደርስልናል። እማማ፣ አንቱ ያቆሙትን አንጥፋው፤ የደረቀውን ነቅለን ባዶውን ጉድጓድ በአዲስ ችግኝ እንሙላው።»

ባልቴቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እርሱንስ እኔም ሞክሬዋለሁ። ከሞተው ሥር አዲስ ችግኝ ባስገባ ሦስት ጊዜ ቀጨጨብኝ። አሮጌው ቦታ አዲሱን አይወድም፤» አሉ።

እኛም ሦስቱንም ስናዳምጥ ሦስቱም ከእውነቱ አንዳንድ ወገን እንደ ያዙ ተመለከትን። ልጅየው አሮጌው መደብ ጊዜው እንዳለፈ አውቋል። ምራቲቱ ከቤቱ የጌሾ ገንዘብ ቢጠፋ ምን እንደሚጐድል አውቃለች። ባልቴቲቱ ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ነገር አውቀዋል፤ ይኸውም አዲሱ በአሮጌው ጉድጓድ እንደማይጸና ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር የደብረ ታቦር ባልቴት ብቻ ያወቁት አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ አትክልተኞች ዘንድ አስፓራገስ የሚባል ተክል አለ። በየዓመቱ ከመሬት የሚወጣው ለጋ ቡቃያው ተቀቅሎ ይበላል። ሥሩ አንድ ጊዜ ከተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሳይነካ ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ 15 ወይም 20 ዓመት ያህል ለባለቤቱ ምግብ ይሰጣል። ሲያረጅ ግን ቡቃያው እየቀጠነና ቍጥሩ እያነሰ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ አዲሱን ሥር በዚያው መደብ ላይ ቢተክሉት አይሆንላቸውም። ምክንያቱንም ሊቃውንቱ መርምረው አግኝተውታል፤ አንደኛው ፉዛሪየም የሚባለው የሥር በሽታ በአሮጌው ሥር ቅሬታ ላይ እየኖረ አዲሱን ስለሚይዘው ነው፤ ሁለተኛው አሮጌው ሥር በአፈሩ ውስጥ የተወው ነገር የገዛ ወገኑን እድገት ስለሚያግድ ነው። ስለዚህ ብልህ አትክልተኛ አሮጌው መደብ ገና ጥቂት እየሰጠ ሳለ በሌላ ስፍራ አዲስ መደብ ይከፍታል፤ አዲሱ ለምግብ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ሦስት ዓመት ከአሮጌው ይበላል፤ ከዚያም አሮጌውን ነቅሎ ቦታውን ለሌላ ዘር ይለውጠዋል።

ትምህርቱም የዛሬ አይደለም። ካቶ የተባለው ሮማዊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ዓመት ገደማ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስፓራገስን የሚመለከት ምክር አለው። ተክሉ ከስምንተኛው ወይም ከዘጠነኛው ዓመት በኋላ ሲያረጅ ሥሩ ተቈፍሮ ይከፈል፤ የሚዛወርበትም መሬት አስቀድሞ በደንብ ታርሶ ፍግ ይደረግበት ይላል። እንግዲህ ከ2,000 ዓመት በላይ የሆነው ሮማዊና የፋርጣዋ ባልቴት ሳይተያዩ ባንድ ነገር ተስማምተዋል ማለት ነው። የአስፓራገስ በሽታ ጌሾን ይይዛል ማለታችን አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ነገር ግን አንድ ዐይነት ተክል ለብዙ ዓመታት ቆሞበት የኖረ አፈር ድካም እንዳለበት፣ ፖምን የመሳሰሉ የፍሬ ዛፎችን የሚተክሉ ሰዎችም በየአገሩ አይተውታል።

አስፓራገስ ለደብረ ታቦር ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ዘር እንዳይመስለን። በሐረጉ ላይ እሾህ ያለው፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ በአንዳንድ ስፍራ የሴት ቀስት የሚባለው የዱር ተክል የዚሁ የአስፓራገስ ወገን ነው። በቍጥቋጦ ውስጥና በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በሚገኙት ደኖች ይበቅላል። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 የሚበልጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንዳሉ ሊቃውንት ቈጥረዋል። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ገላጣ በሆነበት አገር፣ እነዚህ ደኖች እንደ ደሴት ተለይተው ይታያሉ። የዱር ጌሾም በደጋው ደን የሚበቅል ነው፤ ስለዚህ ደኑን የጠበቁ አባቶች የጸሎቱን ስፍራ ብቻ ሳይሆን የጓሮውንም የዘር ጐተራ ጠብቀዋል ለማለት ይቻላል።

ዘርን ስለ ማደስ ከተነጋገርን ዘንድ ድንችን ሳናነሣ ብናልፍ ጕድለት ይሆንብናል፤ የጉና ዙሪያ ደጋ ድንች የሚወድ አገር ነውና። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ በ1851 ዓ.ም. ገደማ አመጣ ተብሎ የሚነገርለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ነው፤ እርሱም ብዙ ዘመን በአገራችን ኖሮ በደብረ ታቦርና በጋፋት አካባቢ ሳይቀር ዕፅዋት የሰበሰበ ሰው ነበር። ድንች ዘሩ ራሱ ግንዱ ስለ ሆነ፣ ከዓመት ዓመት ከዚያው እየተቀነሰ ሲተከል በሽታው አብሮ ይከማቻል፤ ምርቱም ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬው በየጊዜው ንጹሕ ዘር ከሌላ ስፍራ ያመጣል፣ መሬቱንም ይለዋውጣል። እንግዲህ ድንች የሚታደሰው በንጹሕ ዘር፣ አስፓራገስ በአዲስ መደብ፣ ጌሾም ከፍሬው በሚፈላ ችግኝ ነው። የመታደሱ መንገድ ይለያይ እንጂ ሳይታደስ ለዘለዓለም የሚሰጥ ተክል የለም።

ስለ ባሕር ዛፉም እውነቱን መናገር ይገባል። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ያደረገው ውለታ ቀላል አይደለም፤ በፋርጣም ከድህነት ያወጣቸው ቤቶች አሉ። ልጅየውን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ውሃን አብዝቶ ይጠጣል፤ ከጥላው በታችና ከሥሩ አጠገብም ሌላ አዝርዕት አይመቸውም። በጓሮ ቢተከል ከጌሾው ቦታ ሌላ የጎመኑንና የነጭ ሽንኵርቱንም ቦታ ይወስዳል። ስፍራው ለእርሻ በማይመች ተዳፋት ላይ ወይም በቦረቦር አፍ ነው፤ በቤት ጀርባ በፍግና በአመድ በለማው አፈር ላይ አይደለም።

እንግዲህ ከሰማነውና ካየነው ሰብስበን፣ ያረጀ የጌሾ መደብ ያላት የቤት እመቤት ብትከተለው ይጠቅማል የምንለውን ሥርዓት በተራ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ፣ ከመንቀል በፊት መምረጥ ያስፈልጋል። ከአሮጌዎቹ ግንዶች ሁሉ ቅጠሉ ሰፊ፣ ምሬቱ ጥሩ፣ በድርቅ የማይረታ የትኛው እንደ ሆነ የምታውቀው ለብዙ ዓመት የለቀመችው ሴት ብቻ ናት። ያን ግንድ በክር ወይም በጨርቅ ምልክት ታድርግበትና ቅርንጫፉን አትልቀመው፤ እንዲያብብና እንዲያፈራ ትተወው። ዘወትር የሚለቀም ግንድ ለፍሬ አይተርፍምና።

ሁለተኛ፣ ፍሬው ፈጽሞ ሲጠቍር ተለቅሞ ሥጋው በውሃ ይታጠባል፤ ዘሩም በጥላ ይደርቃል። ክረምት ከመግባቱ አራት ወይም አምስት ወር አስቀድሞ በደቀቀና ፍግ በተቀላቀለበት ትንሽ መደብ ይዘራል፤ በላዩ ጭድ ወይም ሣር ይለበሳል፤ ማለዳና ማታ በጥቂቱ ይጠጣል። ሲበቅል ሣሩ ተነሥቶ ቀላል ዳስ ይሠራለታል።

ሦስተኛ፣ አዲሱ መደብ የሚሆንበት ስፍራ ከአሮጌው ይራቅ። በጋ ሳለ ይቈፈር፤ ድንጋዩና የቀድሞ ሥሩ ይለቀም፤ የበሰለ ፍግና አመድ ይግባበት። ውሃ የሚቋጥር ስፍራ ግን አይሁን። ሐምሌ ሲገባ መሬቱ ከራሰ በኋላ ችግኙ በሁለት ክንድ ያህል ርቀት ይተከላል። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉን ማንም አይንካው፤ በሁለተኛው ዓመት በጥቂቱ ይቀመስ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ልብ ይለቀማል። ሲለቀምም ግንዱን ማራቈት አይገባም፤ ቅጠል የሌለው ግንድ የሚበላው ምግብ የለውምና።

አራተኛ፣ አሮጌው መደብ ወዲያው አይነቀል። ፈጽሞ የደረቀው ብቻ ከነሥሩ ይውጣ። ሕይወት ያለው ግን ከመሬት ጥቂት ከፍ ተብሎ ቢቈረጥ ያቈጠቍጣል፤ አዲሱ እስኪደርስም ለድግሱና ለገበያው ያገለግላል። አንዳንዱም ከተቈረጠ በኋላ እንደ ገና ወጣት ይሆንና ለጥቂት ዓመት ሊቈይ ይችላል።

አምስተኛ፣ አዲሱ መደብ ቅጠል መስጠት ሲጀምር አሮጌው ተነቅሎ ዕንጨቱ ለጠጅ ወይም ለማገዶ ይሁን። መሬቱ ሁለት ሦስት ዓመት ባቄላ፣ ጎመን ወይም ነጭ ሽንኵርት እየተፈራረቀበት ይቈይ። ባቄላ አፈርን ስለሚያለማ መጀመሪያ እርሱ ቢዘራ መልካም ነው።

ይህን ሁሉ ቡናው ሦስተኛ እስኪወርድ ድረስ ከቤቱ ሰዎች ጋር ተነጋገርንበት። በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው፤ ልጅየው ባሕር ዛፉን ከቤቱ ርቆ በሚገኘው ተዳፋት ላይ ይተክላል፤ ምራቲቱ በጓሮው በሌላው ማዕዘን አዲስ መደብ ትከፍታለች፤ ከአሮጌው ጌሾ ደኅና የሆኑት ግንዶች አዲሱ እስኪደርስ አይነኩም። ባልቴቲቱም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ ተነሡና ምርኵዛቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ሄዱ። ከሁለተኛው ተርታ ጫፍ ከቆመው ግንድ አጠገብ ቆመው፣ «የአማቴ ዘር እውነተኛው ይህ ነው፤ ሌላው ከገበያ የመጣ ነው። ልጄ፣ ፍሬ የምትለቅሚው ከዚህ ነው፤» አሉ። ምራቲቱም ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ በግንዱ ላይ አሰረችበት።

በዚህ ጊዜ የነገሩ ፍሬ ነገር ምን እንደ ሆነ ገባን። አሮጌው መደብ ቀርቶበት የነበረው ትልቁ ሀብት ቅጠሉ አልነበረም፤ የትኛው ግንድ የማን ዘር እንደ ሆነ የምታውቅ አንዲት እናት ነበረች። ጌሾው ሁሉ ከደረቀ በኋላ ወይም ባልቴቲቱ ካረፉ በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ ምራቲቱ ከገበያ ችግኝ ገዝታ ትተክል ነበር፤ የቤቱ ዘር ግን ጠፍቶ ይቀር ነበር። ስለዚህ መተካት ማለት አሮጌውን መጣል ማለት አይደለም፤ አሮጌው ገና ሳለ ከእርሱ ተቀብሎ ወደ አዲሱ ማሻገር ማለት ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ጌሾ ባይኖራችሁ ኮሽም ወይም ግራዋ፣ ጽጌ ረዳ ወይም ጤና አዳም በጓሮአችሁ ወይም በደጃችሁ ይኖር ይሆናል። የተተከለበትን ዓመት አስታውሱ፤ የተከለውም ሰው በሕይወት ካለ ከማን እንዳገኘው ጠይቁት፤ ልጆቻችሁም ሲነገር ይስሙ። ሰዎቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ የጌሾውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሳይደርቅ በችግኝ ሊቀድሙት ይገባል። ዘንድሮ በሐምሌ የሚተከል ችግኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ቡሄ ይደርሳል፤ ለከርሞ የሚባለው ግን ከርሞም ለከርሞ ይባላል።